የቴኒስ ጫማ በሳይንስ ሚዛን፤ ምቾትና ብቃት እንዴት ይመዘናሉ?

ጫማ የሚገዛ ሰው በሱቅ ውስጥ የሚያደርገው ምርመራ በአብዛኛው ከሦስት ነገሮች አያልፍም። ጫማውን አገላብጦ ያያል፤ ሶሉን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ከዚያም አጥልቆ ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመዳል። ለዕለት ተዕለት መንገድ ይህ ይበቃ ይሆናል። ለሜዳ ቴኒስ ግን አይበቃም፤ በሱቁ ወለል ላይ የተደረገው እርምጃ ተጫዋቹ በሜዳ ላይ ከሚያደርገው እንቅስቃሴ ጋር እምብዛም አይመሳሰልምና።

አንድ የስፖርት ጫማ «ጥሩ ነው» ሲባል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ቃል ተጠቅልለው ይመለሳሉ። የመጀመሪያው «ለእግር ይመቻል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ተጫዋቹ በፍጥነት እንዲነሣ፣ በሚፈልገው ቦታ እንዲቆምና ሳይጎዳ አቅጣጫውን እንዲለውጥ ያግዘዋል ወይ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው የምቾት፣ ሁለተኛው የብቃት ጥያቄ ነው። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል።

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። በዓመት አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ለመግዛት የሚችል ተማሪ ምርጫው ቢሳሳት የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይሆንም፤ ቁርጭምጭሚቱንና ጉልበቱንም ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ምቾትና ብቃት እያንዳንዳቸው በምን እንደሚለኩ እንመለከታለን። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ በሚገኙ ቀላል መሣሪያዎች ሊሠሩ የሚችሉ ሙከራዎችንም እናቀርባለን።

እግር በሜዳ ላይ ምን ይገጥመዋል?

የነጠላ ጨዋታ የቴኒስ ሜዳ 23.77 ሜትር ርዝመትና 8.23 ሜትር ስፋት አለው። ተጫዋቹ የሚሸፍነው የዚህን እኩሌታ ነው። በመሆኑም እንደ ረጅም ርቀት ሯጭ ወደ ፊት ብቻ አይሮጥም፤ ጥቂት እርምጃ ይፈጥናል፣ በድንገት ይቆማል፣ ወደ ጎን ይወረወራል፣ ተመልሶም ወደ መሐል ይመጣል። የሩጫ ጫማ ለቴኒስ የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። የሩጫ ጫማ የተሠራው ወደ ፊት ለሚደረግ ተደጋጋሚ እርምጃ ሲሆን፣ የቴኒስ ጫማ ግን ከጎን የሚመጣውን ኃይል መቋቋም አለበት።

የኃይሉን መጠን በቀላል ስሌት እንገምት። ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ተጫዋች ወደ ጎን በሰከንድ 2 ሜትር ፍጥነት እየተጓዘ ነው እንበል። ግዝፈቱ በፍጥነቱ ሲባዛ 120 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ይህ እንቅስቃሴ በ0.2 ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም ከተፈለገ እግሩ በአማካይ 600 ኒውተን የሚሆን የጎን ኃይል መሸከም አለበት። መቆሚያው ጊዜ ወደ 0.3 ሰከንድ ቢረዝም ኃይሉ ወደ 400 ኒውተን ዝቅ ይላል። በጊዜ ላይ የምትጨመር አንዲት አሥረኛ ሰከንድ በመገጣጠሚያ ላይ የሚደርሰውን ጫና በሦስተኛ እጅ ትቀንሳለች ማለት ነው። ይህን ቁጥር እናስታውሰው፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ይህን ኃይል የሚቀበለው የጫማው አካል በሦስት ዋና ዋና ክፍሎች ይከፈላል። ከመሬት ጋር የሚገናኘው ከጎማ የሚሠራው የውጭ ሶል ነው። በመካከል ያለው ንብርብር አየር በያዘ ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ ይሠራል፤ ተግባሩም ምት ማብረድ ነው። እግርን ከላይ አቅፎ የሚይዘው የጫማው የላይኛው ክፍል ደግሞ እግር በጫማው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት ይከላከላል። ጥሩ ግምገማ ሦስቱንም ለየብቻ ይፈትሻል።

ሰበቃ፤ የበዛው ሁሉ የተሻለ አይደለም

የጫማን ብቃት ከሚወስኑት ነገሮች የመጀመሪያው በሶሉና በሜዳው መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሰበቃን የሚገልጸው ቁጥር የሰበቃ ኮኤፊሸንት ይባላል። የሚገኘውም ጫማውን ለመጎተት ያስፈለገው ኃይል ጫማው መሬቱን ለሚጫንበት ኃይል ሲካፈል ነው።

ይህን ቁጥር ማንኛውም ተማሪ ሊለካው ይችላል። በጫማው ውስጥና ላይ በድምሩ 5 ኪሎ ግራም አሸዋ በከረጢት አድርገን እናስቀምጥ። ጫማው ራሱ 0.4 ኪሎ ግራም ቢመዝን ጠቅላላው 5.4 ኪሎ ግራም፣ መሬቱን የሚጫንበት ኃይልም 53 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ከዚያም የስፕሪንግ ሚዛን ከጫማው ጋር አያይዘን ከመሬቱ ጋር ትይዩ በሆነ አቅጣጫ ቀስ ብለን እንጎትት። ጫማው ሲንቀሳቀስ ሚዛኑ 37 ኒውተን ቢያሳይ ኮኤፊሸንቱ 37 ለ53 ሲካፈል፣ ማለትም 0.70 ነው። ሙከራው አምስት ጊዜ መደገምና አማካዩ መወሰድ አለበት። በደረቅ፣ በአቧራማና በርጥብ ሜዳ ላይም ለየብቻ ሊሠራ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ያቀረበው ሕግ ሰበቃ ከተጫኝ ኃይል ጋር በቀጥታ እንደሚያድግ ይናገራል። በዚህ ሕግ መሠረት ኮኤፊሸንቱ በ5 ኪሎም በ60 ኪሎም አንድ መሆን ነበረበት። ጎማ ግን ለዚህ ሕግ ሙሉ በሙሉ አይገዛም፤ ግፊቱ ሲበረታ የጎማ ኮኤፊሸንት ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ በአሸዋ የተገኘው 0.70 የተጫዋቹ እግር የሚያገኘው ትክክለኛ ቁጥር ነው ማለት አንችልም። በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ክብደት፣ ሁለት ጫማዎችን ለማወዳደር ግን ያገለግለናል።

ልዩነቱ በጨዋታ ውስጥ ምን ትርጉም አለው? በሰከንድ 4 ሜትር የሚጓዝ አካል በሰበቃ ብቻ ተንሸራቶ ቢቆም የሚጓዘው ርቀት የፍጥነቱ ስኩዌር ለሁለት ጊዜ ኮኤፊሸንቱና የመሬት ስበት ብዜት ሲካፈል ነው። ኮኤፊሸንቱ 0.8 ሲሆን ርቀቱ 1.02 ሜትር፣ 0.5 ሲሆን ደግሞ 1.63 ሜትር ይሆናል። እርግጥ ተጫዋች የሚቆመው በእርምጃ ነው እንጂ እንደ ግዑዝ ሳጥን እየተንሸራተተ አይደለም። ነገር ግን የ61 ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት ከአንድ ራኬት ርዝመት እምብዛም አያንስም። ኳሱን በመድረስና ባለመድረስ መካከል ያለው ርቀትም ይኸው ነው።

ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያው ሰበቃው በበዛ ቁጥር ጫማው ይሻላል» ብንል እንሳሳታለን። ቀደም ሲል ያስላነውን እናስታውስ። እግር ጥቂት ሲንሸራተት መቆሚያው ጊዜ ይረዝማል፤ ኃይሉም ይቀንሳል። መንሸራተት ፈጽሞ ሲከለከል ግን እግሩ በመሬት ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ የሰውነቱ ክብደትም በቁርጭምጭሚቱና በጉልበቱ ላይ ይዞራል። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የእንቅስቃሴ ሳይንስ ተመራማሪ የሆኑት ቤኖ ኒግ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ መንሸራተትን በሚፈቅዱ የቴኒስ ሜዳዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከማይፈቅዱት ያነሰ መሆኑን አመልክተዋል።

የሰበቃ ማነስም የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 2021 በዊምብልደን ዋናው ሜዳ ላይ ሴሬና ዊሊያምስ በመጀመሪያው ዙር ግጥሚያዋ በሣሩ ላይ ተንሸራታ በጉዳት ጨዋታዋን አቋረጠች። በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ ከሮጀር ፌደረር ጋር ይጫወት የነበረው አድሪያን ማናሪኖም ተንሸራቶ በመጎዳቱ ለመውጣት ተገድዷል። ሁለቱም ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ነበሩ። በውድድሩ የመጀመሪያ ቀናት ሣሩ ለምለምና ርጥበት ያዘለ መሆኑ ግን ሁኔታውን አስቸጋሪ አድርጎት ነበር። ከዚህ የምንረዳው ሰበቃ የጫማው ብቻ ጠባይ አለመሆኑን ነው። ሰበቃ የጫማውና የመሬቱ የጋራ ጠባይ ነው።

ስለዚህ «ለየትኛው ሜዳ?» ተብሎ ያልተጠየቀበት ግምገማ ጎዶሎ ነው። በሮላን ጋሮስ እንዳለው ባለ ቀይ አፈር ሜዳ ላይ፣ ከላይ የተነሰነሰው የተፈጨ ሸክላ እንደ ጥቃቅን ኳስ ስለሚንከባለል፣ ጥልቀት ያለው የዚግዛግ ቅርጽ ያለበት ሶል ያስፈልጋል። ቅርጹ አፈሩን ይዞ ተጫዋቹ በቁጥጥር እንዲንሸራተት ያስችለዋል። ለሣር ሜዳ ትናንሽ የጎማ ጉብታዎች ያሉት ሶል ይመረጣል። አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ላይ ቀለም ተቀብቶ በሚሠራው ጠንካራ ሜዳ ላይ ደግሞ ሜዳው ራሱ ሸካራ በመሆኑ ሶልን ቶሎ ይበላል። እዚያ የሚፈለገው ወፍራምና ጠንካራ ጎማ ነው።

ምት ማብረድና የሶል ውፍረት

የመካከለኛው ንብርብር ምት የማብረድ ችሎታ በቤተ ሙከራ የሚለካበት የታወቀ ዘዴ አለ። 8.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ከ5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በጫማው ተረከዝ ላይ ይለቀቃል። በብረቱ ላይ የተገጠመው መሣሪያም ብረቱ ሲቆም የተፈጠረውን ከፍተኛ ፍጥንጥነት ይመዘግባል። በምቱ ውስጥ ያለው ጉልበት 4.2 ጁል ገደማ ነው። የተመዘገበው ቁጥር ዝቅ ባለ መጠን ንብርብሩ ለስላሳ ነው ይባላል።

ይሁን እንጂ ብረት ሰው አይደለም። ሰው ለስላሳ ሶል ሲጫማ ጉልበቱን የሚያጥፍበትን መጠንና ጡንቻውን የሚያጠነክርበትን ሁኔታ ሳያውቀው ይለውጣል። ስለዚህ መሣሪያው በግማሽ የቀነሰው ምት በሰው እግር ላይ በግማሽ ይቀንሳል ማለት አይቻልም።

ውፍረትም ዋጋ ያስከፍላል። ሶሉ ከፍ ሲል እግር ከመሬት ይርቃል፤ የጎን ኃይሉ ቁርጭምጭሚትን የሚያዞርበት ክንድም ይረዝማል። ቀደም ሲል ያገኘነውን 600 ኒውተን እንውሰድ። የሶሉ ውፍረት 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በሶሉ ከፍታ ብቻ የሚፈጠረው የማዞር ኃይል 15 ኒውተን ሜትር ነው፤ 3.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን 21 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። የአንድ ሴንቲ ሜትር ጭማሪ የማዞሩን ኃይል በ40 በመቶ አሳደገው ማለት ነው። በሱቅ ውስጥ «እንደ ደመና» ለስላሳ የሆነው ጫማ በሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚትን የሚያጣምም ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የምቾትና የብቃት ግጭት ከዚህ በላይ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ የለም።

ሰዓት የሚለካው፣ ዓይንም የሚያታልለው

ብቃትን በቀጥታ ለመለካት ተጫዋቹን ማስሮጥ ይቻላል። ከሜዳው መሐል እስከ ጎን መስመር 4.1 ሜትር ገደማ ነው። ተጫዋቹ ከመሐል ተነሥቶ መስመሩን በእግሩ ነክቶ ይመለስ፤ የወሰደበት ጊዜም ይመዝገብ። በመጀመሪያ ጫማ ሀ፣ ቀጥሎ ጫማ ለ ብቻ ቢሞከር ግን ጫማ ለ በድካም ሰዓት ስለሚለካ ይበደላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሀ፣ ለ፣ ለ፣ ሀ ይሁን። በዚህ አሠራር ድካሙ ለሁለቱም ጫማዎች እኩል ይከፋፈላል።

የመለኪያውን ስሕተትም ማወቅ ያስፈልጋል። በእጅ የሚያዝ የሩጫ ሰዓት በሰው የምላሽ ፍጥነት ምክንያት በአሥረኛ ሰከንዶች ሊሳሳት ይችላል። በሁለት ጫማዎች መካከል የ0.05 ሰከንድ ልዩነት ቢገኝ በዚህ ሰዓት «ልዩነት አለ» ለማለት አያበቃም። በሰከንድ 60 ምስል በሚያነሣ የስልክ ካሜራ ቀርፆ ምስሎቹን መቁጠር ግን ስሕተቱን ወደ 0.02 ሰከንድ ገደማ ያወርደዋል።

ከመለኪያ ስሕተት የሚከፋው ግን የሰው ግምት ነው። ተጫዋቹ ውዱ ጫማ የትኛው እንደሆነ ካወቀ ሳያስበው በዚያኛው አብልጦ ይሮጣል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረጉት ሙከራ ይህን ችግር በብልኃት የፈታ ነበር። በ18 ሯጮች ጫማ ውስጥ ሯጮቹ ሳያውቁ የእርሳስ ብረት ፍንጣሪ ደበቁ። በየጫማው ላይ የተጨመረው እያንዳንዱ 100 ግራም የሯጮቹን የጉልበት ፍጆታ በ1 በመቶ ገደማ፣ በ3,000 ሜትር የገቡበትንም ሰዓት በ0.8 በመቶ ገደማ ጨምሮታል። ውጤቱ የተገኘው በሩጫ ላይ ቢሆንም ለእኛ ሁለት ትምህርት ይሰጠናል። አንደኛ፣ የጫማ ክብደት በእርግጥ ዋጋ አለው። ሁለተኛ፣ እውነተኛ ልዩነት ተፈታኙ የማያውቀው ሲሆንም ይታያል። በትምህርት ቤት ደረጃም የጫማዎቹን ምልክት በተመሳሳይ ፕላስተር መሸፈን ይቻላል።

ምቾትን በሚሊ ሜትር

ምቾት ስሜት ነው፤ ስሜት ግን አይለካም ማለት አይደለም። የተለመደው ዘዴ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር በወረቀት ላይ ማስመር ነው። በግራ ጫፉ «ፈጽሞ አይመችም»፣ በቀኝ ጫፉ «ከዚህ የበለጠ ምቾት አይታሰብም» ተብሎ ይጻፋል። ለባሹ የተሰማውን ያህል በመስመሩ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ፈታኙም ርቀቱን በማስመሪያ ይለካል። ጥያቄው በደፈናው ሳይሆን ለተረከዝ፣ ለእግር ቅስት፣ ለጣቶች፣ ለጫማው ስፋትና ለጎን ድጋፍ ተከፋፍሎ ቢቀርብ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ያሳያል።

የሰው ስሜት ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ በየመካከሉ አንድ የታወቀ ጫማ እንደ መነጻጸሪያ መደጋገም ያስፈልጋል። ለባሹ ለዚያው ጫማ ዛሬ 80፣ ነገ 40 ሚሊ ሜትር ከሰጠ ለሌሎቹ የሰጠውም ውጤት አይታመንም። እግር ከቀን ውሎና ከእንቅስቃሴ በኋላ ስለሚያብጥም መለኪያው ጠዋት ላይ ብቻ መደረግ የለበትም። ጫማው ሲጠልቅ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላና ከሙሉ ጨዋታ በኋላ ሦስት ጊዜ ይመዘገብ። እ.ኤ.አ. በ2010 በዊምብልደን ጆን ኢዝነርና ኒኮላ ማዩ ያደረጉት ግጥሚያ በሦስት ቀናት ውስጥ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጅቷል። ይህ እጅግ የተለየ ጉዳይ ቢሆንም በሱቅ ውስጥ የሁለት ደቂቃ ምቾት ምን ያህል ጥቂት ነገር እንደሚነግረን ያስገነዝበናል።

ምቾት ከጤና ጋርም ይያያዛል። ቀደም ሲል የጠቀስናቸው ቤኖ ኒግ የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት በወታደሮች ላይ የተደረገ ነበር። ከቀረቡላቸው የውስጥ ሶሎች መካከል ለእግራቸው የተመቸውን ራሳቸው መርጠው የተጠቀሙት ወታደሮች፣ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ ያነሰ ጉዳትና ሕመም ደርሶባቸዋል። ልብ ልንል የሚገባን ሁሉም አንድ ዓይነት ሶል አለመምረጣቸውን ነው። «ከሁሉ የሚመች ጫማ» የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ለአንድ የተወሰነ እግር የሚመች ጫማ ነው።

ጫማም ያረጃል

ዛሬ የተለካ ብቃት ለነገ ዋስትና አይሆንም። ፋብሪካዎች የጎማን ጥንካሬ የሚለኩት ናሙናውን በሚሽከረከርና የብርጭቆ ወረቀት በተጠቀለለበት ሲሊንደር ላይ ለ40 ሜትር ያህል በመፈግፈግና የጠፋውን ይዘት በመለካት ነው። እኛ ደግሞ ጫማውን አጽድተንና አድርቀን፣ በየ10 ሰዓት ጨዋታው በስሱ ሚዛን ብንመዝነው የመበላቱን ፍጥነት እንደርስበታለን።

በአገራችን ያገለገሉ ጫማዎች ከሰልባጅ ተራ በስፋት ስለሚገዙ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ሶሉ ያልተበላ ጫማ ሁሉ ያላረጀ አይደለም። የመካከለኛው ንብርብር በተደጋጋሚ ሲረገጥ በውስጡ ያሉት የአየር ክፍሎች ይደቀቃሉ። ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሳይለበስ በመጋዘን እንደተቀመጠ በአየር ውስጥ ባለው ርጥበት ምክንያት ኬሚካላዊ ትስስሩ ይፈርሳል፤ በመጨረሻም እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ገዥው ንብርብሩን ከጎን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ስንጥቅና ፍርፋሪ መኖሩን ይመልከት። ጫማውን በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦም ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉን ያረጋግጥ። ያዘነበለ ጫማ የቀድሞ ባለቤቱን አረጋገጥ ይዞ የመጣ ነውና አዲሱን እግር ያጣምማል።

ውጤቱን እንዴት እናጣምር?

ብዙዎች የሁሉንም መለኪያዎች ነጥብ ደምረው አንድ ቁጥር ያወጣሉ። ይህ አሠራር ያሳስታል። በምቾት 9፣ በጎን ድጋፍ 3 ያገኘ ጫማ፣ በሁለቱም 6 ካገኘው ጋር ድምሩ እኩል 12 ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ቁርጭምጭሚትን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ሁለተኛው አያጋልጥም። ለስላሳነት የጎደለውን ድጋፍ ሊያካክስ አይችልም።

የተሻለው መንገድ በሁለት ደረጃ መወሰን ነው። በመጀመሪያ ለደኅንነት አስፈላጊ ለሆኑት፣ ማለትም ለሜዳው ተስማሚ ለሆነ ሰበቃ፣ ለጎን ድጋፍና ለልክ፣ ዝቅተኛ ወሰን ይደረግ፤ ያላለፈ ጫማ ምንም ያህል ቢያምር ይውደቅ። ቀጥሎ ካለፉት መካከል ምቾት ዳኛ ይሁን። ዋጋና ዕድሜ የመጨረሻውን ቃል ይናገሩ።

እንግዲህ መሣሪያ ስለ ጫማው ይናገራል፤ እግር ደግሞ ስለ ራሱ ይናገራል። አንዱን ሰምቶ ሌላውን የተወ ገምጋሚ ግማሹን እውነት ብቻ ይዞ ይቀራል። ይህ ለጫማ ብቻ ሳይሆን ሰው ለሚጠቀምበት ዕቃ ሁሉ፣ ለወንበርም ሆነ ለደብተር ቦርሳ፣ የሚሠራ መርሕ ነው።

ለመልመጃ

1. ጠቅላላ ክብደቱ 5.4 ኪሎ ግራም የሆነ ጫማ በርጥብ ሜዳ ላይ በ21 ኒውተን ቢጎተት የሰበቃ ኮኤፊሸንቱ ስንት ነው? በደረቁ ሜዳ ካገኘነው 0.70 ጋር ሲነጻጸር በሰከንድ 4 ሜትር የሚጓዝ አካል ሳይቆም የሚንሸራተትበት ርቀት በስንት እጥፍ ይጨምራል?

2. ሦስት ጫማዎችን ለማወዳደር ብንፈልግ ድካም ለሁሉም እኩል እንዲከፋፈል ቅደም ተከተሉን እንዴት እናደርጋለን?

3. በክፍላችሁ ካሉ አምስት ተማሪዎች ጋር ሁለት ጫማዎችን በ10 ሴንቲ ሜትሩ መስመር መዝኑ። በመጀመሪያ ምልክታቸውን ሸፍናችሁ፣ ቀጥሎም ገልጣችሁ ሞክሩ። በሁለቱ ውጤቶች መካከል የምታገኙት ልዩነት ከጫማው የመጣ ነው ወይስ ከስሙ?